የማይጎድለው ናፍጣ

ጀልባይቱ ያረጀች የናፍጣ ጀልባ ነበረች። ንብረትነቷ በኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው በካንጋተን የሚገኝ የአንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስሙን መጥራት ለአንባቢም ለጽሕፈት ቤቱም አይጠቅምም። ከሞተሯ ጀርባ አንድ የብረት በርሜል ተጋድሞ ታስሮባታል፤ ናፍጣዋን የምትይዘው በእርሱ ነው። ከበርሜሉ ሥር ወጥቶ በጎኑ ሽቅብ የቆመ፣ ጫፉ ለአየር የተከፈተ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነበረው። ናፍጣው በበርሜሉ ውስጥ በደረሰበት ከፍታ ልክ በቱቦውም ውስጥ ይቆማል፤ ጀልባ ነጂው ቱቦውን አየት አድርጎ ምን ያህል እንደቀረው ያውቃል። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ጥበብ የለበትም። ከዚህ የበለጠ ጥበብ የሌለበትን ነገር ማበላሸት ግን ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን የተማርኩት በዚያች ጀልባ ነው።

እኔ ባወቅኋት ጊዜ ቱቦው ማሳየት ትቶ ነበር። ፀሐይና ናፍጣ ተጋግዘው መጀመሪያ እንደ ብርዝ ቢጫ አድርገውት፣ ቀጥሎ እንደ ከረመ ሻይ አጠይመውት፣ በመጨረሻ ውስጡ ናፍጣ ይኑር ጭቃ መለየት የማይቻልበት ደረጃ አድርሰውታል። ጀልባ ነጂው በዚህ አልተቸገረም። የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ አንድ ረጅም ዘንግ ይነክራል፤ ዘንጉ እስከ የት እንደረጠበ ካየ በኋላ በሱሪው ይጠርገዋል። ሰውየው ከአርባ ምንጭ ወገን የመጣ፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ጎልማሳ ሲሆን፣ ኦሞን የሚያህል ወንዝ በንቀት ሲመለከት ያየሁት ብቸኛ ሰው እርሱ ነው። «እኔ ሐይቅ የለመድኩ ሰው ነኝ። ይሄ ለእኔ ቦይ ነው» ይል ነበር፤ ቦዩ ውስጥ ግን አዞ ስላለ እጁን እንኳ አይነክርበትም።

እኔ የጂንካ ልጅ ነኝ። መምህር ሆኜ የተመደብኩት ከካንጋተን በታች፣ ወንዙን ተከትሎ በሚገኝ አንድ መንደር ነበር። ኦሞ ላይ ድልድይ ከተሠራ ወዲህ ጀልባይቱ ክብሯን አጥታ ዳር ላይ ታስራ ትውላለች። በዝናብ ወራት ግን ጥቁሩ አፈር መኪናን እስከ ሆዷ ስለሚውጥ የእኛ መንደር ከወንዙ በቀር ሌላ የተሽከርካሪ መንገድ አልነበረውም፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንም ለክልላዊው ፈተና ካንጋተን የሚደርሱት በእርስዋ ነበር። ፈተናው ያመለጠው ተማሪ ከፈተናው ጋር ዓመቱም ያመልጠዋል።

ከተማሪዎቼ መካከል ለአንዱ ደግሞ ነገሩ ከዓመትም በላይ ነበር። ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ስለሆነ በዕድሜ ሊደርስብኝ ጥቂት ቀርቶታል፤ በቁመት ደግሞ ጥሎኝ ሄዷል። ሰሌዳውን በራሱ እንዳይጋርድ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። አባቱ ከከብቶቹ ለይቶ ወደ ትምህርት ቤት የላከው ከብዙ ሙግት በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ። ልጁ ራሱ እየሳቀ ነበር የነገረኝ።

«አባቴ ምን አለ መሰለህ ቲቸር? ‹ዘንድሮ ወረቀቱ ካልተናገረልህ ከርሞ ከከብቶቹ ጋር ትነጋገራለህ› አለ።»

«አንተስ ምን መለስክለት?»

«ምን እመልሳለሁ? ከብቶቹማ ያውቁኛል። ወረቀቱ ነው የማያውቀኝ።»

ሳቁ ጥርሱ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው ነበር፤ ቁልፉን የያዝኩት እኔ በመሆኔ የዘገየሁ ያህል አድርጎ ያየኛል።

ፈተናው ሳይቃረብ ጀልባይቱን ለተማሪዎቹ ለመጠየቅ ካንጋተን ወጣሁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ገብቼ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ስብሰባው ስለ ቱቦው ነበር። ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው፤ በጉብኝታቸውም ጀልባይቱን ያያሉ ተብሏል።

«ይህ ቱቦ የገጽታ ችግር ፈጥሮብናል» አሉ ኃላፊው። «እንግዳ ይህንን ቢያይ ስለ እኛ ምን ይላል?»

ጀልባ ነጂው እጁን አወጣ። «ክቡር ኃላፊ፣ ሞተሩም እኮ ያስለዋል።»

«ሞተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ አይታይም። ቅድሚያ ለሚታየው እንስጥ።»

ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ስለ መንግሥት አስተዳደር የተጻፉም ይገኙባቸዋል። አንዳቸውም ግን ነገሩን በዚህ ዓይነት ግልጽነትና እጥረት አላስቀመጡትም። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሠራተኛ እንኳ ብዕሩን አንሥቶ ለአፍታ አሰበ፤ ከዚያም ጻፈው።

ለቱቦው መግዣ አንድ መኪና ወደ ጂንካ ተላከ። ቱቦ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። መኪናዋ ግን ስትመለስ ሙዝ፣ ማርና አንድ የእንጨት አልጋ ጭና ስለነበር፣ ቱቦውን ለማግኘት መጀመሪያ አልጋው መውረድ ነበረበት። የተገዛውም ግንበኞች ውኃ ሞልተው የግድግዳ ልክ የሚያስተካክሉበት፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ላስቲክ ነው። ለናፍጣ የተሠራ አልነበረም፤ ለዓይን ግን ከእርሱ የሚሻል አልተገኘም።

«እየው እስቲ መምህር» አለኝ ሾፌሩ ቱቦውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ። «ማዶ ያለ ሰው ይታይበታል።»

«የሚፈለገው ናፍጣው እንዲታይ ነው።»

«ሰው የሚያሳይ ናፍጣ አያሳይም?» አለና ወደ ሙዙ ተመለሰ።

ጀልባ ነጂው አሮጌውን ቱቦ በካቻቢቴ አላቅቆ ጣለ፤ አዲሱን ገጥሞ፣ ፋሸታ በሚሉት የብረት ቀለበት ሥሩን አጠበቀ። ሥራው አንድ ብርጭቆ ሻይ ከሚጠጣበት ጊዜ የበለጠ አልፈጀም፤ ለዓመታት የቆየውም ይኸው ሥራ ነበር። በርሜሉ ለምረቃው በዓል ክብር አፉ ድረስ ተሞላ። ናፍጣው በአዲሱ ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ሲቆም፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ኃላፊው ግን ጎንበስ ብለው አሸተቱና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ጫፉ ለምን ክፍት ሆነ?»

«ለአየር ነው፣ ክቡር ኃላፊ። ድሮም ክፍት ነበር።»

«ድሮማ ቱቦውም ጥቁር ነበር። ይሸታል። ጀልባው ሲወዛወዝ ደግሞ ይረጫል፤ እንግዶቹ ነጭ ለብሰው ቢመጡስ? ድፈነው።»

ጀልባ ነጂው አልተከራከረም። ዳር ላይ የወደቀ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አነሣ፤ ከተረከዙ በቢላ ክብ ቆርጦ የቱቦውን አፍ እንደ ጠርሙስ ወተፈው። ውታፉ ከቱቦው ጋር ሲታይ እንደ ብዕር ክዳን ያምር ስለነበር ኃላፊው ወደዱት። በሸምበቆ ውኃ ስቦ የላይኛውን ጫፍ በጣቱ የደፈነ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እዚያ ከቆምነው መካከል ያስታወሰ አልነበረም፤ ከላይ አየር ካልገባ ፈሳሹ ወደ ታች አይወርድም። በርሜሉ ቢጎድልም ቱቦው እንደሞላ ይቀራል።

እንግዶቹ መጡ፤ ነጭም አልለበሱም። ሪባን ተቆረጠ። ከመካከላቸው አንዱ ቱቦውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይህ ለሌሎች ተሞክሮ ሊሆን ይችላል» አለ፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ በዚያን ቀን ማጨብጨብ ከሥራ ግዴታዎች አንዱ ነበርና። ጀልባ ነጂው በደስታ ብዛት የሚለካበትን ዘንግ አንሥቶ ወደ ኦሞ ወረወረው።

«ኋላ ቀርነት በቃ» አለ።

ዘንጉ ጥቂት ተንሳፍፎ ወደ ታች፣ ወደ ቱርካና ሐይቅ አቅጣጫ ሄደ። ከዚያ ስብስብ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ከምረቃው በኋላ የሆነውን ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ ሆኖም ኃላፊው በራሳቸው አንደበት ነገሩኝ። የፈተናውን ቀን ላረጋግጥ በሄድኩበት ጊዜ ጀልባይቱ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ከርማለች፤ ናፍጣው ግን አልጎደለም።

«ከለውጡ ወዲህ የነዳጅ ፍጆታችን እጅግ ቀንሷል» አሉ። «ለዞን ሪፖርት አድርገናል።»

«ምክንያቱ ምን ይሆን?»

«አሠራር ነው፣ መምህር። ድሮ ስለማይታይ ይባክን ነበር። የሚታይ ነገር አይባክንም።»

የዳነው ናፍጣ እንዳይሰረቅ በርሜሉ ክዳን ላይ ጓጉንቸር አስገጥመዋል፤ ቁልፉ በኪሳቸው ነው። ጀልባ ነጂው ደግሞ ለነገሩ ከአሠራር ከፍ ያለ ምክንያት ሰጥቶት ነበር። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አባላት ፊት ቆሞ መስክሯል። «ጌታ ናፍጣውን ባርኮታል፣ መምህር። በዓይኔ እያየሁ እንዴት ልካድ?» አለኝ። አንዱ በአሠራር፣ ሌላው በተአምር አመኑ፤ ከሁለቱ አንዱም ግን በርሜሉን ማንኳኳት አልፈለገም። ሰው ደስ ያሰኘውን ነገር እንደማይመረምር የተረዳሁት ያኔ ነው።

በፈተናው ዋዜማ ጀልባይቱ መንደራችን ደረሰች። ተማሪዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሳፈሩ። ረጅሙ ተማሪ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከትቶት ነበር። መሬት እንደለቀቅን ጀልባ ነጂውን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ናፍጣው እስከ ካንጋተን ያደርሰናል?»

«ዓይን የለህም እንዴ?» ብሎ ወደ ቱቦው አመለከተ። ናፍጣው ሰማያዊው ውታፍ ሥር ድረስ ሞልቶ በፀሐይ ያበራል።

ሽቅብ፣ ከጎርፉ ጋር እየታገልን ሄድን። ከአንድ ጠመዝማዛ በላይ ሞተሩ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ ዝም አለ። ወንዙ መልሶ ወደ ታች ይወስደን ጀመር። ረጅሙ ተማሪ የዳር ሾላ ቅርንጫፍ ባይዝ ኖሮ ጠዋት ወደ ተነሣንበት በሰላም እንመለስ ነበር። ገመዱን ከዛፉ ጋር አሠርንና ጀልባ ነጂው ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ ማጣሪያውን ፈታ፤ ጠርጎ መለሰው። ቀጥሎ ፖምፓውን ፈታ። የወንዙን ቆሻሻ ረገመ። ከዚያ እጁን ሞተሩ ላይ ጭኖ ጸለየ፤ ተማሪዎቹም አብረው አሜን አሉ። ፀሐይዋ ወደ ኪቢሽ ኮረብቶች ዘመም ስትል የሞተሩ ግማሽ አካል በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ናፍጣ አልቆ ይሆናል የሚል ሐሳብ ለማንም አልመጣም፤ እንዴትስ ይመጣል? ቱቦው ፊታችን ቆሞ ሙሉ ነው ይለናል።

ረጅሙ ተማሪ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሥራ ፈትቶ በጣቱ መገጣጠሚያ መታው። ድምፁ በሸለቆው ያስተጋባ መሰለኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ከበሮ ነው» አለ።

«ዝም በል» አለው ጀልባ ነጂው። «ሙሉ ነው። አይታይህም?»

«ይታየኛል። ጆሮዬ ግን አያየውም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ጀልባ ነጂው ክዳኑን ለመክፈት ተነሣ፤ ጓጉንቸሩን ጨበጠ፤ ቁልፉ የት እንዳለ ትዝ ሲለው መልሶ ተቀመጠ። ያኔ የምረቃው ቀን፣ ነጠላ ጫማውና ቢላው በዓይነ ኅሊናዬ መጡ።

«ጋሼ፣ ያንን ውታፍ ያውጡት።»

«ይረጫል።»

«ነጭ የለበሰ የለም።»

በጥርሱ ነክሶ ነቀለው። አንድ እንደ መጉረስ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ናፍጣው በዓይናችን ፊት ከቱቦው አፍ ተነሥቶ፣ እንደ ተተኮሰ ነገር ወደ ታች ወርዶ ጠፋ። ቱቦው ባዶ ቀረ። እንደተባለውም ማዶ ያለ ሰው ይታይበት ነበር።

ጀልባ ነጂው ውታፉን በጥርሱ እንደያዘ ቆየ። ከአፉ ካወጣው በኋላ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳየው የነበረው ታዲያ ምንድን ነው?» አለ።

«የምረቃውን ቀን ነው፣ ጋሼ።»

ንብረት ጥሎ መሄድ ስለማይችል እርሱን ከጀልባይቱ ጋር ትተነው በእግር ተነሣን። ስለዚያ ጭቃ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ እግር ከገባበት የሚወጣው በልመና ነው። ሲመሽ ከረጅሙ ተማሪ ዘመዶች የከብት ሰፈር ደርሰን አደርን፤ ወተት ሰጡን። አንድ ሽማግሌ በቋንቋቸው ጠየቁትና ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ምን እንዳሉ ጠየቅሁት።

«‹ከብቶቹ ጋ መጣህ እንዴ? ዓመቱ ገና አላለቀም› አሉኝ» አለ። እርሱ አልሳቀም። ከሁላችን ቀድሞ ተነሥቶ የቀሰቀሰን እርሱ ነው።

ካንጋተን ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ፈተናው መጀመር የነበረበት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ከጥበቃው አጠገብ፣ የቱቦው ባለቤት ኃላፊ ቆመዋል፤ የፈተናው አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢም እርሳቸው ነበሩና። ከጉልበታችን በታች ያለውን ጭቃ አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ።

«መምህር፣ ዘግይታችኋል።»

«ጀልባይቱ ናፍጣ ጨርሳ ነው።»

«አይሆንም። ሙሉ ናት።»

«ክቡር ኃላፊ፣ ስለ እርሱ በኋላ እንነጋገራለን። ልጆቹ ይግቡ።»

«ደንብ ደንብ ነው። ፈተና ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ተማሪ አይገባም።»

በአጥሩ ሽንቁር ወደ ግቢው አየሁ። የከተማው ተማሪዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ።

«ፈተናው ተጀምሯል?»

ኃላፊው ሰዓታቸውን እንደገና አዩ። «ወረቀቱ ገና ከጂንካ አልደረሰም። ሰዓቱ ግን አልፏል።»

ይህን ያሉት ያለ አንዳች ኀፍረት ነው። ያልመጣ ፈተና አመለጣችሁ ተብሎ ከበር የሚመለስ ሰው በዓለም ላይ ከእኛ በፊት ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ረጅሙ ተማሪ ከላይ ሆኖ፣ ከኃላፊው ራስ በላይ አሻግሮ ወደ መንገዱ እየተመለከተ፣ በጸጥታ ጠየቀ።

«ወረቀቱም በጀልባ ነው የሚመጣው?»

ጥበቃው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በዚያ ቅጽበት መኪናዋ ብቅ አለች፤ ያቺው ቱቦ ያመጣች መኪና፣ ያው ሾፌር። መንገዱ ተበላሽቶ ነው የዘገየነው አለ። መንገዱ መበላሸቱ እውነት ነው፤ መንገድ ላይ ባለችው አልዱባ ገበያ መቆሙም እውነት ነው። የፈተናው ሳጥን ከነማኅተሙ በሁለት የማር ቅልና እግራቸው በታሰረ ዶሮዎች መካከል ተቀምጦ ነበር። አጃቢው ፖሊስ አንዷን ዶሮ አቅፏል። ኃላፊው ርክክቡን ለማከናወን እየሮጡ ሄዱ፤ በሩን የዘጉት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ በሩ ተከፈተ። ጥበቃው «ግቡ፣ ግቡ» አለ፤ ገባን። ከአንዱ ቸልተኝነት ያዳነን ሌላው ቸልተኝነት ነው፤ ለየትኛው ምስጋና ማቅረብ እንደሚገባኝ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ረጅሙ ተማሪ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጭቃው እግሩ ላይ እየደረቀ ሲሰነጠቅ እርሱ ይጽፍ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ የዓመት ሪፖርት ተማሪዎችን «በጀልባ በማጓጓዝ ለፈተና ማብቃት» ከተከናወኑ ተግባራት መካከል ዘርዝሮታል። ኃላፊው በኋላ አድገው ጂንካ ገቡ። የግንበኞቹ ቱቦ የሚጠበቅበትን ያህል እንኳ ሳይቆይ ጠወለገ፤ ባለፈው ሳየው የከረመ ሻይ መልክ ይዟል። ጀልባ ነጂው አዲስ ዘንግ ቆርጧል።

ውጤቱ የመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ረጅሙ ተማሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ እንደ ወትሮው ቀድሞኝ፣ ቆሞ አገኘሁት። አልፏል፤ ለዘጠነኛ ክፍል ካንጋተን መሄድ አለበት። ለአባቱ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ነገርኩት። ‹ወረቀቱ ምን አለ?› አለኝ። ‹ሂድ አለኝ› አልኩት።»

«እርሱስ?»

«ዞር ብሎ ከብቶቹን አየ። ከዚያ ‹እንግዲያው ሂድ› አለኝ። ‹በእግርህ ግን ሂድ፤ በእነዚያ ሰዎች ጀልባ እንዳትሳፈር።›»